ከፊት የተንጠለጠለው ማኅደር

ስህተቱ የዱርሲቱ ነው። የታብሌት መያዣ ምረጪ ተባለች፤ መረጠች። የመረጠችውን አንጠልጥላ በገባችበት ቤት፣ ጠዋት አጥር ሲጠግኑ የነበሩ፣ ራስ ምታት እንኳን የማያውቃቸው ሽማግሌ ጥያቄዋን መልሰው ሲጨርሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም አሉ፤ አልተነሱም። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚያ ምርጫ ነው።

ሲጀመር እንዲህ ያለ መልክ አልነበረውም። ሥራው የውሃ ጥናት ነበር። ሰበታ ላይ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የምስማር መደብር በላይ ሁለት ክፍል የተከራየ ድርጅት፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዳርቻ የሚኖሩ ቤተሰቦች ውሃ ከየት እንደሚቀዱና ስንት ሰዓት እንደሚሰለፉ ቤት ለቤት ያስጠይቃል። ዱርሲቱ የመረጃ ሰብሳቢዎቹ አስተባባሪ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ተምራ ከወጣች ወዲህ ያገኘችው ደህና ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ውሏ ጥናቱ ሲያልቅ ያልቃል። ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ቋሚ ቦታ ይከፈታል፤ ወይ እሷ ትይዘዋለች፣ ወይ ከዓለም ገና ወዲያ ወዳለው መንደራቸው ተመልሳ ከአባቷ ከኦቦ ሊቤ ጋር ላም ታልባለች። አባቷን ትወዳለች። ላሞቹን አትወድም።

መልስ የሚመዘገብባቸው ታብሌቶች ግን አልበረከቱም። ከሰብሳቢዎቹ የኢብሳ ከባጃጅ ላይ ወድቆ መሬት ሳይነካ የተሰነጠቀ እስኪመስል ድረስ ደቀቀ። የሐኒ ደግሞ ሱሉልታ ላይ ዝናብ ገብቶበት ድምፁም ብርሃኑም ጠፋ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጥሩሰው ሁለቱን አስከሬኖች ጠረጴዛቸው ላይ አጋድመው ዱርሲቱን አስጠሯት። አቶ ጥሩሰው ሆዳቸው ቀድሟቸው የሚገባ፣ ሳቅ የሚወዱ፣ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ የማይታገሡ ሰው ናቸው።

«የዚህን ነገር መፍትሔ ላንቺ ሰጥቼሻለሁ» አሏት። «መያዣ ምረጪ። መጀመሪያ ራስሽ ይዘሽው ውጪና ሞክሪው፤ ከተስማማሽ ለሁሉም እናሠራለን። ከአሁን በኋላ ግን አንድ ስክሪን ቢሰነጠቅ፣ ስለ ቋሚው ቦታ እንዳታነሺብኝ።»

«የሰበርኩት እኔ አይደለሁም እኮ።»

«አንቺማ አይደለሽም። አስተባባሪዋ ግን አንቺ ነሽ።»

ዱርሲቱ ከመርካቶ የተለያየ ዓይነት አስመጣች። የመጀመሪያው እጀታ ያለው ወፍራም ቢጫ ጎማ ነበር። ቢወድቅ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም፤ ግን በሄደችበት ሁሉ ሕፃናት ካርቱን ክፈቺልን እያሉ ይከተሏታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ታብሌቱ ውስጡ ይግላል። ሁለተኛው ዚፕ ያለው የጨርቅ ቦርሳ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ስትደርስ ማውጣት፣ ስትወጣ መክተት ነው፤ ለትዕግሥት የተፈጠረ ዕቃ ነው፣ ዱርሲቱ ደግሞ የላትም። ዚፑን በሁለተኛው ቀን ገነጠለችው። ሦስተኛውን፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጠውን፣ ለኢብሳ ሰጠችው። ኢብሳ ከሰዓት ላይ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ተመለሰ።

«ማንጠልጠያ የለውም» አላት። «ሁለት እጄን ይዞብኛል። ውሻ ሲመጣ በምን ልመልሰው? በታብሌቱ?»

እንግዲህ የሚያስፈልጋት ምን እንደሆነ ገባት። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ ዝናብ የማያስገባ፣ ሳይወጣ የሚጻፍበት፣ የሌባ ዓይን የማይስብ። እንዲህ ያለ ነገር በየሱቁ ጠየቀች፤ ሁሉም ሳቁባት።

ያገኘችው ሳትፈልገው ነው። አንድ ቀን ሱሉልታ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ ዝናብ ያዛትና ከመንገድ ዳር ካለች አንዲት የቆዳ ዕቃ ሱቅ ተጠጋች። ቀበቶ፣ አለንጋ፣ የበቅሎ መጣብር ተሰቅሏል። ከተከፈተው በር ኋላ፣ ለብቻው፣ ምስማር ላይ አንድ አሮጌ ማኅደር ተንጠልጥሏል፤ የቤተ ክህነት ሰዎች ዳዊታቸውን የሚከቱበት ዓይነት የቆዳ ከረጢት ነው። ከእጅ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ክዳኑ ወፍራም ነው፣ ማንጠልጠያው ሰፊ ነው፣ ውስጡ በቀይ ጨርቅ ተለብጧል። ዱርሲቱ ሳትጠይቅ አወረደችውና ታብሌቱን ከተተችው። ተለክቶ የተሠራለት ይመስል ልክክ አለ። ከደረቷ ላይ አንጠልጥላ ክዳኑን ስትገልጥ ታብሌቱ እስከ ግማሹ ወጣና ክዳኑን ተደግፎ ቆመ። ሁለቱም እጆቿ ነፃ ሆኑ።

ባለሱቋ፣ እናትነሽ የሚባሉ ጥቁር የለበሱ ሴት፣ ከወንበራቸው ሆነው ያዩዋታል።

«ይሄ ስንት ነው?» አለቻቸው።

«እሱ ለሽያጭ የተሰቀለ አይደለም» አሉ። ዱርሲቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ደግሞ፣ «ውሰጂው» አሉ።

«ዋጋውን ይንገሩኝ እንጂ።»

«ያሻሽን አስቀምጪ። ምንድን ነው የከተትሽበት? መጽሐፍ ነው?»

«እንደ መጽሐፍ ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ሰው እጠይቅበታለሁ።»

ሴትየዋ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ከኋላሽ አንጠልጥዪው» አሉ። «ሰው ቤት ስትገቢ ከፊትሽ አታድርጊው።»

«ከኋላዬማ ካደረግኩት ታክሲ ውስጥ ሌባ ይጫወትብኛል።»

«እኔ ነግሬሻለሁ። መልሼ ግን አልቀበልሽም።»

ዱርሲቱ፣ ባለሱቋ ገዢ ዕቃ እየመለሰባቸው የተማረሩ መስሏት፣ ብር አስቀምጣ ታክሲው ሲመጣ ሮጠች። ማኅደሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ተሳፈረች። አጠገቧ የነበረች ሴትዮ ሳትጠየቅ ተነሥታ ከኋላ ወንበር ሄዳ ተቀመጠች።

*

በማግሥቱ ቡራዩ ገቡ። የቡራዩ ዳርቻ የመረጃ ሰብሳቢ መከራ ነው። «ባለፈውም ጠይቃችሁን ነበር፤ ውሃው የታለ?» የሚል አለ፤ ውሻ የሚፈታ አለ፤ ከውስጥ ሆኖ የለሁም የሚል አለ። በዚያን ቀን ግን ዱርሲቱ ያንኳኳችው በር ሁሉ ተከፈተ።

በመጀመሪያው ቤት ልብስ የምታጥብ ወጣት ሴት ነበረች። ዱርሲቱን ቀና ብላ አየች፣ ደረቷ ላይ ያለውን አየች፣ እጇን ከአረፋው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ውስጥ በኦሮምኛ፣ «መጥተዋል» አለች።

«ብቻዬን ነኝ» አለች ዱርሲቱ።

ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ተዘጋ። አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

«ለማን ነው የመጣሽው፣ ልጄ?»

«የቤቱን አባወራ ነው የምፈልገው። እሳቸው ከሌሉ እርስዎም ይሆናሉ።»

«አለ፣ አለ!» አሉ አሮጊቷ ተሽቀዳድመው። «ደህና አድርጎ አለ!»

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። የሚሳደብ የለም፣ የሚያስጠብቅ የለም። ጥያቄዎቹን በአጭሩ፣ በለሆሳስ፣ ዓይናቸውን ከማኅደሩ ሳይነቅሉ ይመልሱላታል። ስትወጣ ማንም አይሸኛትም፤ ግን ሁሉም በራቸው ላይ ቆመው ዞር እስክትል ድረስ ያዩዋታል፤ አንድ ነገር እስክታደርግ የሚጠብቁ ይመስል። ዱርሲቱ ይህን አስተውላለች። ግን ሥራዋ እየሄደላት ስለነበር አልመረመረችውም።

«ምን አዙረሽባቸው ነው?» አላት ኢብሳ ከሰዓት ሲገናኙ። «እኔ ሦስት ቤት ለማስከፈት ጉሮሮዬ ደረቀ፤ አንቺ ሰፈሩን ጨረስሽው!»

«ቦርሳ ቀየርኩ።»

«እኔ ቦርሳ ሳይሆን ፊት ነው መቀየር ያለብኝ በይኛ!»

አቶ ጥሩሰውም ማታ የተላከውን መረጃ አይተው ደወሉላት። አንድም እምቢ ያለ ቤት የለም። እንዲህ ዓይነት ነገር አይተው አያውቁም። «ያንን መያዣ አገኘሽው ማለት ነው! ለሁሉም እናሠራለን!» አሉ። ቋሚው ቦታ በዚያች ሌሊት የእሷ ሆኖ አደረ።

ኦቦ ገርባ ዘንድ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከገፈርሳ ማዶ፣ ተዳፋት ላይ ያለ ግቢ። ሽማግሌው አጥራቸውን ይጠግኑ ነበር። መጥረቢያቸውን አንሥተው ሳለ አዩዋትና ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ» አለቻቸው።

«ፈያ ዳ» አሉ። «ለኔ ነው?»

«አባወራው እርስዎ ከሆኑ ለእርስዎ ነው።»

«እኔ ነኝ» አሉ። ልጃቸው ደራርቱ ውሃ አመጣች፤ እጃቸውን ታጠቡ፣ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ታጠቡ። የክት ጋቢያቸውን ለበሱና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ዱርሲቱ ለእንግዳ የተደረገ ክብር መሰላት፤ ጊዜ የሚፈጅ ክብር ግን አትወድም፤ ቶሎ ጀመረች። ውሃ ከየት ይቀዳሉ? በበጋስ? ማን ይቀዳል? ሽማግሌው ሁሉንም መለሱ። መጨረሻው ላይ፣ ሲያልቅ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያመኛል?» አሏት።

ቀልድ መሰላት። «ኧረ ምንም አያምም! ጥያቄ ብቻ ነው» አለችና ሣቀች።

«ጥሩ» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ከግቢው በር ፊት ለፊት የዝናብ ውሃ የሞላ ቦይ አለ፤ ድልድዩ አንዲት ግንድ ናት። ታብሌቱ ቦዩ ውስጥ ቢወድቅ ቋሚው ቦታም አብሮት ነው የሚወድቀው። ዱርሲቱ ሚዛኗን ለመጠበቅ ማኅደሩን ከደረቷ ወደ ጀርባዋ አዞረችው፤ ከገዛችው ወዲህ ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ግንዷ ላይ እንዳለች ከኋላዋ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ማልቀስ ስትጀምር ሰማች። ቤተሰብ ተጣላ ብላ አለፈች።

በማግሥቱ ጠዋት አንድ መልስ ሳይመዘገብ እንደቀረ አየችና ተመለሰች። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶች አግዳሚ ላይ በዝምታ ተቀምጠዋል። ማኅደሩ ደረቷ ላይ እንዳለ ብቅ ስትል አግዳሚው ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጓሮ ጎተቱ። ደራርቱ ብቻ ወደ እሷ መጣች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ጨርሰሽ አልነበረም እንዴ?» አለቻት። «አሁን ደግሞ ለማን መጣሽ?»

«ምን ሆነው ነው? ትናንት ደህና ነበሩ እኮ።»

«ደህና ነበሩ። አንቺ መጣሽ።» ደራርቱ በጣቷ ማኅደሩን አሳየች፤ ልትነካው ግን አልቀረበችም። «ይሄን የማያውቅ አለ? የመሪጌታ ወንዳፍራሽ ነው። ሰው ጣር ሲይዘው ከሱሉልታ እስከ ሰበታ እሳቸው ናቸው የሚጠሩት፤ ነፍሱ እንዳትጨነቅ ዳዊት ይደግሙለታል። ሲመጡ ከፊታቸው ያንጠለጥሉታል። ነፍስ ስትወጣ ወደ ኋላ አዙረውት ይሄዳሉ። መንገደኛ ሁሉ ከሩቅ አይቶ ያውቃል፤ ከፊት ከሆነ መንገድ ይለቅላቸዋል፣ ከኋላ ከሆነ ነፍስ ይማር ይላል። እሳቸው ከሞቱ ቆዩ። ማኅደሩ ግን ትናንት መጣ። አባቴን ለእርስዎ ነው አልሻቸው፣ ጠየቅሻቸው፣ ጨረስሽ፣ አዞርሽው።»

«እኔ የውሃ ጥናት ነው የማካሂደው» አለች ዱርሲቱ።

«እሺ» አለች ደራርቱ። «አሁን ውጪልን። ከፊትሽም ከኋላሽም አታድርጊው፤ በእጅሽ ይዘሽ ውጪ።»

ሰው በፍርሃት ሊሞት ይችላል፤ ዱርሲቱ ወደ ዋናው መንገድ እየወረደች ለራሷ የነገረችው ይህንን ነው። የደም ግፊት ይኖርባቸው ይሆናል። ልባቸው ደካማ ይሆናል። ይህን እያሰበች ባለፉት ቀናት በጠየቀችበት ሰፈር አለፈች። ያኔ ነው ያየቻቸው። በየደጃፉ አባወራዎች ተቀምጠዋል። የሥራ ቀን ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ እርሻ አለ፣ ገበያ አለ። እነሱ ግን እግራቸውን ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። አይነጋገሩም። አንዱ፣ ገና ጎልማሳ የሆነ ሰው፣ ስታልፍ በትሕትና ተነሣላት።

«እህቴ፣ መቼ ነው ተመልሰሽ የምትጨርሺልን?» አላት። «መቀመጥ ሰለቸን።»

ዱርሲቱ ማኅደሩን አንድ ፌስታል ውስጥ ከታ ሮጠች።

*

ሱሉልታ ስትደርስ ወይዘሮ እናትነሽ ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ፌስታሉን ሲያዩ እጃቸውን አወናጨፉ።

«አልቀበልም ብዬሻለሁ!»

«ልመልስ አይደለም የመጣሁት። መሪጌታ ወንዳፍራሽ ምንዎ ነበሩ?»

«ባሌ።»

«ይሄ ነገር ሰው ይገድላል?»

«ማኅደር ምን ሰው ይገድላል?» አሉ ሴትየዋ ተቆጥተው። «የመጣለትን ሰው ይዞ ይሄዳል እንጂ። ባሌ ለታመመ ነበር የሚወስደው። አንቺ ለጤነኛው ሁሉ ወሰድሽው።»

«የመጣለት ሰው ባይሄድስ? ተነሥቶ ቢወጣስ?»

ወይዘሮ እናትነሽ ወደ ውስጥ ገቡና ተቀመጡ። ዱርሲቱ ቆማ ቀረች።

«አንዴ ተነሥቶ የወጣ አለ» አሉ። «እዚሁ ሱሉልታ ነው። የሚጣጣር ሰው ነበር፤ ባሌ ገብቶ መድገም ጀመረ። ሰውዬው ድንገት ተሻለኝ አለና ተነሣ። ደስ አላቸው፤ ደግፈው ፀሐይ ሊያሞቁት አወጡት፤ ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘጉት። ባሌ ዳዊቱን ሊከት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በሩን ሲከፍቱ ባሌ የሰውዬው አልጋ ላይ ተጋድሟል። ጫማውን አውልቋል፣ እግሩን ታጥቧል። ማኅደሩ ደረቱ ላይ ነው።»

«ሰውዬውስ?»

«ሰውዬው እስከ ዛሬ አለ። ድንች ይሸጣል።»

ዱርሲቱ በየደጃፉ ተቀምጠው የሚጠብቁትን አባወራዎች ነገረቻቸው። ሴትየዋ አዳምጠው ቀጠሉ። «ባዶውን ምስማር ላይ ከሆነ ማንንም አይጠራም። እኔ ዘንድ ስንት ጊዜ ተሰቅሎ ኖሯል። ከሰው ትከሻ አውርደሽ አንድ ቦታ ቆልፊበት። እነዚያ የሚጠብቁትም ሲቆይባቸው ይነሣሉ፤ ሥራ አላቸው እኮ።»

ዱርሲቱ ይህን ሁሉ ያንኑ ዕለት ከሰዓት ለአቶ ጥሩሰው ነገረቻቸው። ስትናገር ራሷን ትሰማ ነበር፤ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣባት እሷም እንደ እሳቸው ነበር የምትሥቀው። እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሣቁ።

«ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ስታቲስቲክስ ልትማሪ ነው ወይስ ደብተራ ልትሆኚ? ስንት መቶ ቤት ገብተሽ አንድ ሽማግሌ ሞተ። ከመቶ ስንት ነው? አስልተሽ ንገሪኝ!»

«ያሉት ገብቶኛል። ግን ይሄን መያዣ አንጠቀምም። ቢጫው ይሻላል።»

«እምቢ ያለ ቤት የሌለበትን መያዣ ትተን? በይ ተይኝ። ነገ የመጨረሻው ቀበሌ ነው አይደል? ያንቺ መንደር። እኔም እመጣለሁ። ውልሽን ይዤልሽ መጥቼ አባትሽ ፊት ትፈርሚያለሽ። እንደሱ አይሻልም?»

ይሻላል። ዱርሲቱ ማኅደሩን ባዶውን ቢሮ ካለው የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ አደረገች። ሌላው ቁልፍ አቶ ጥሩሰው ዘንድ እንዳለ ታውቃለች፤ ግን ያን ያህል ሥቀውበት መልሰው ያወጡታል ብላ አላሰበችም።

*

በማግሥቱ ቢጫውን ጎማ ይዛ፣ ሕፃናት እየተከተሏት፣ ከመንደራቸው ታችኛው ጫፍ ጀመረች። የአባቷን ቤት ለመጨረሻ አቆይታዋለች፤ እንዲያውም መልሱን ራሷ ስለምታውቀው ሳትሄድ ልትሞላው አስባለች። ስልኳ ጠራ።

«የት ነሽ አንቺ?» አሉ አቶ ጥሩሰው። «እኔ ደረስኩ እኮ። አባትሽ ቤት ነኝ።»

«ምን ይዘው ነው የገቡት?»

«ታብሌት ነዋ! ያንን ማኅደርሽንም አወጣሁት፤ ለሁሉም ከማሠራቴ በፊት ራሴ ልሞክረው ብዬ። ሆዴ ላይ ሲያርፍ እንዴት ያለ ምቹ ነገር መሰለሽ! አባትሽም በጣም አክብረው ነው የተቀበሉኝ...»

ዱርሲቱ ሮጠች። ዳገቱን፣ ጭቃውን፣ የጎረቤቱን የጎመን መደብ ረግጣ ሮጠች። ግቢው ውስጥ ላሞቹ በየካስማቸው ታስረው ያመሰኳሉ። ከቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ጥንድ ጎማ ጫማ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የታጠበበት ውሃ መሬቱን አርሶታል።

ኦቦ ሊቤ አልጋቸው ላይ ናቸው። የክት ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። እርጥብ እግራቸው ከጋቢው ወጥቷል። አቶ ጥሩሰው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማኅደሩ ሆዳቸው ላይ ነው፣ ታብሌቱ ከቀዩ ጨርቅ ውስጥ ግማሹ ወጥቶ ፊታቸውን ያበራዋል።

«እንኳን መጣሽ!» አሉ። «አባትሽ መልሱን እንደ ውሃ ነው ያወረዱልኝ! አሁን ትንሽ ደከመኝ ብለው ጋደም አሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አባ» አለች ዱርሲቱ።

«መጣሽ፣ ልጄ?» አሉ ኦቦ ሊቤ ሳይዞሩ። «አይዞሽ። በእናትሽም ጊዜ ይኸው ነበር የመጣው። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፤ አክስትሽ ቤት ልከንሽ ነበር። ደግ ነው፤ አያስጨንቅም።»

ዱርሲቱ ወደ አቶ ጥሩሰው ዞረች። «አሁኑኑ ከአንገትዎ ያውልቁትና ከእኛ ጋር ይውጡ።»

«ያንን ተረት ደግሞ እዚህም አመጣሽው?»

«ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረሽኛል፣ ነግረሽኛል። ተቀመጪ። ውልሽ ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ይቺን ልኬ እንፈራረማለን።» የኮታቸውን ደረት መታ መታ አደረጉ፤ የነጭ ወረቀት ጫፍ ብቅ ብሏል። ከዚያ ማንጠልጠያውን ከአንገታቸው ሥር ሳብ አድርገው አሹት። «ጥፋቱ አንገት መብላቱ ብቻ ነው። ስጨርስ ወደ ኋላ አዞረዋለሁ።»

ወረቀቱን አየችው። ቋሚው ቦታ ያ ነው፤ እጇን ዘርግታ ልትነካው ትችላለች። ማድረግ ያለባት መጠበቅ ብቻ ነው፤ እሳቸው እስኪጨርሱ፣ እስኪነሡ፣ እስኪያዞሩት። የአባቷን ተረከዝ አየች። የተሰነጠቀ ነው፤ ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬ ንጹሕ ሆኗል።

ክንዳቸውን ያዘች። «አባ፣ ካኣ። ይነሡ።»

«ተይ እንጂ። ለኔ ብሎ መጥቶ እንዴት ጥዬው እነሣለሁ? ነውር ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር፣ ይለምን ነበር። ዱርሲቱ ለዚያ ጊዜ አልነበራትም፤ አባቷን ደግሞ ታውቃቸዋለች።

«ቡሬዋ ገመዷን በጥሳ የሰው ጤፍ ውስጥ ገብታለች» አለች።

ኦቦ ሊቤ ዞሩ። «የማን ጤፍ?»

«የመገርሳ።»

«የመገርሳ!» ሽማግሌው ተነሥተው ቁጭ አሉ። «ያ ክፉ ሰው እኮ እግሯን ነው የሚሰብራት! ቆማችሁ ታያላችሁ?» ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡ፣ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ ጠመጠሙ፣ ባዶ እግራቸውን ደጃፉን ተሻግረው ወጡ። ላሚቱን እየተሳደቡ ወደ ጓሮው ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማል። ጤነኛ ድምፅ ነው።

ዱርሲቱ ተከተለቻቸው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አቶ ጥሩሰው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ጥለውት ይውጡ።»

«ቆይ እስቲ፣ ቆይ» አሉ ከታብሌቱ ቀና ሳይሉ። «ይሄ ነገር ምን ነካው? የጨረስኩትን ዘግቶ አዲስ ከፈተብኝ። የቤቱ አባወራ ማን ነው ይለኛል። ቤቱ ውስጥ አሁን ያለው ማን ነው?»

«እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«እኔማ...» ብለው ሊሥቁ ጀመሩ። ሣቁ መሐል ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩዋት፤ እሷን ግን አላዩም፣ ከእሷ አልፎ ያለውን መንገድ ነው ያዩት። ሁለት እጃቸውን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

«ዱርሲቱ» አሉ፣ ከዚያ በፊት ሰምታው በማታውቀው በትሑት ድምፅ፣ «ውሃ ይኖራችኋል? እግሬን ብታጠብ ብዬ ነው።»

«ከአልጋው ሥር ጀሪካን አለ» አለች።

ወጣችና በሩን ዘጋችው።